ለተተኪው ዜና አንባቢ

የተተኪ ዜና አንባቢ ሥራ ምስጋና የለውም። ደህና ቢያነብም ተመልካቹ የለመደውን ፊት ይናፍቃል፤ ከተደናቀፈ ደግሞ ጣቢያው ይቀየርበታል። የአርኖልድ ዜንከርን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ማርች መጨረሻ የአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ባለሙያዎች ማኅበር አድማ መታ። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢው ዋልተር ክሮንካይትም ወንበሩን ለቆ ወጣ። የምሽቱ ዜና ግን ሰዓቱን መጠበቅ ነበረበትና ጣቢያው ከቢሮ ኃላፊዎቹ አንዱን፣ ገና የ28 ዓመት ወጣት የነበረውን ዜንከርን፣ ካሜራ ፊት አስቀመጠው።

ማንበብ ምን ይከብዳል ይባል ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ ሳይቋረጥ ዐይንን ከወረቀቱ ወደ ካሜራው ማንሣት፣ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ቃሉን መጨረስ፣ ድምፅን ከሐዘን ዜና ወደ ስፖርት ማሸጋገር፤ ይህን ሁሉ አገር እያየው! ዜንከር ለሁለት ሳምንት ገደማ ተወጣው።

በተፎካካሪው ኤንቢሲ ቼት ሃንትሌይ አድማውን ጥሶ ሲያነብ፣ አጣማሪው ዴቪድ ብሪንክሌይ አልገባም አለ። ለዓመታት በተመልካች ብዛት ሲመሩ የቆዩትን እነዚህን ሁለቱን ክሮንካይት ብዙም ሳይቆይ ቀደማቸው። ምክንያቱ አድማው ብቻ ነው ብዬ ግን አልከራከርም።

ደስ የሚለኝ የክሮንካይት አመላለስ ነው። አድማው አብቅቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ በአርኖልድ ዜንከር ቦታ ተተክቶ እንደሚያነብ ለተመልካቹ ነገረ። ለተተኪ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።