የሉል እናት

አሮጌ የሸሚዝ ቁልፍ ሲገኝ ጉንጭ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ለብ ይላል፣ የዛጎል ከሆነ ግን ይቀዘቅዛል።

ይህን የሚያብረቀርቅ የዛጎል ውስጠኛ ሽፋን ጣሊያኖች «ማድሬፐርላ»፣ ጀርመኖች «ፐርልሙተር» ይሉታል፤ የሉል እናት ማለት ነው። ስሙ ለሙገሳ ብቻ የወጣ አይደለም። በዛጎሉ ውስጥ የምትኖረው እንስሳ ባዕድ ነገር ሲገባባት፣ የቤቷን ግድግዳ በለበጠችበት በዚያው ነገር ደራርባ ትጠቀልለዋለች፤ ሉል ይሆናል። እናትና ልጅ ከአንድ ሊጥ ናቸው።

በሽፋኑ ላይ የሚታየው ሮዝና አረንጓዴ ደግሞ (ደስ የሚለው ይህ ነው!) ቀለም አይደለም፤ ውፍረታቸው የሚሊሜትር 2,000ኛ ያህል የሆኑ ንጣፎች በብርሃን ሲጫወቱ ነው።

ወደ ቁልፉ ስንመለስ፣ በ1891 ጀርመናዊው ጆን ቦፕል በአሜሪካ፣ መስካቲን ከተማ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዛጎል ቁልፍ መሥራት ጀመረ። ቁልፍ ተቆርጦባቸው የተበሳሱ ዛጎሎች ዛሬም ወንዙ ዳር ይገኛሉ።