አረንጓዴው ቁጥር ምን ይቆጥራል? የግራፊክስ ካርድ ንጽጽር ሠንጠረዦች ሲፈተሹ

ባለፈው ዓመት ላብ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የማስተርስ ተማሪ ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን ጎን ለጎን የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ከፍታ ጠራችኝ። በግራ የራሷ አርቲኤክስ 3060፣ በቀኝ ልትገዛው ያሰበችው አርቲኤክስ 4060። «ይሄን ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬ አዲሱን ልግዛ?» አለችኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። «አዲስ ነው፣ ቴራፍሎፕሱ ይበልጣል፣ መብራትም አይበላም። ለውጪው» አልኳት። ለወጠችው። በሳምንቱ የእጅ ጽሑፍ ፊደላትን እንዲለይ የምታሠለጥነው ሞዴል «ሚሞሪ አልቋል» እያለ መቆም ጀመረ። ያው ሞዴል በአሮጌው ካርድ ላይ ያለምንም ችግር ይሠራ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ሠንጠረዡም ንጹሕ አይደለም።

የነዚህ ሠንጠረዦች አሠራር ቀላል ነው። በየረድፉ ሁለት ቁጥር ይቀመጣል፣ የበለጠው አረንጓዴ ይቀባል፣ አረንጓዴ የበዛለት ደግሞ አሸናፊ ይባላል። ልክ እንደ እግር ኳስ ውጤት። ይሄ የሚያስኬደው ግን በአንድ ረድፍ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር የሚቆጥሩ ከሆነ ብቻ ነው።

እስቲ «ኩዳ ኮር» የሚለውን ረድፍ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርቲኤክስ 2080 ቲአይ 4352 ኮር አለው። በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3070 ደግሞ 5888። በወረቀት ላይ አዲሱ በ35 በመቶ ይበልጣል። ጌም ላይ ሲፈተኑ ግን ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። የት ገባ ያ ሁሉ ኮር?

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮሮቹ በስብስብ በስብስብ ነው የሚሠሩት። 2080 ቲአይ 68 ስብስቦች ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አስርዮሽ ቁጥር የሚያሰሉ 64 ክፍሎችና ሙሉ ቁጥር የሚያሰሉ ሌሎች 64 ክፍሎች አሉ። ኤንቪዲያ «ኮር» ብሎ የቆጠረው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው፤ 68 ሲባዛ በ64፣ 4352። በ3070 ላይ ሁለተኞቹ 64 ክፍሎች አስርዮሽም እንዲያሰሉ ተደረገ፤ ስለዚህ እነሱም ኮር ተብለው ተቆጠሩ። 46 ስብስብ ሲባዛ በ128፣ 5888። ይሁንና ሙሉ ቁጥር የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ (ጌም ውስጥ ደግሞ በብዛት ይመጣል) እነዚያው ክፍሎች አስርዮሹን ትተው ወደ እሱ ይዞራሉ። ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። አስርዮሽ ብቻ በሚፈልግ ሥራ ላይ ትርፉ እውነተኛ ነው። ግን የቃሉ ትርጉም በመሀል ተቀይሯል፤ ሠንጠረዡ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ ቀባው።

ቴራፍሎፕስም ከዚሁ የሚወለድ ቁጥር ነው። ኮሩን በፍጥነቱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ በ2 (ማባዛትና መደመር በአንድ ምት ስለሚሠሩ)። ለ3060፦ 3584 ሲባዛ በ1.777 ጊጋኸርዝ ሲባዛ በ2፣ ወደ 12.7 ይመጣል። ማንም ካርዱን ሰክቶ አልለካውም። ሁሉም ኮር ያለ እረፍት ቢሠራ የሚል ስሌት ነው።

ወደ እኔ ስህተት ልመለስ። 4060 ከ3060 ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ2023 ነው የወጣው። ሆኖም ኮሩ ከ3584 ወደ 3072 ወርዷል። የሚሞሪው መስመር ከ192 ቢት ወደ 128 ጠቧል። በሰከንድ የሚያመላልሰው ዳታ ከ360 ጊጋባይት ወደ 272 ቀንሷል። ሚሞሪው ራሱ ከ12 ጊጋባይት ወደ 8 ሆኗል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጌሞች ላይ 4060 ይቀድማል! አንደኛ፣ የኮሮቹ ፍጥነት 2.46 ጊጋኸርዝ ደርሷል። ሁለተኛ፣ ቺፑ ውስጥ ያለው ካሽ ከ3 ሜጋባይት ወደ 24 አድጓል። ወጥ የሚሠራ ሰው በየደቂቃው ጓዳ ከሚመላለስ ቅመሙን ምድጃው አጠገብ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ካሽም እንደዚያው ነው። ብዙ ሠንጠረዥ ግን ካሽን ጨርሶ አይጽፈውም። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ደግሞ ከ170 ዋት ወደ 115 ወርዷል፤ እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ዝርዝር በጣም የምወደው ቁጥር እሱ ነው።

ካሽ ፍጥነትን ያግዛል እንጂ ቦታ አይፈጥርም። ሞዴል ስታሠለጥኑ ለእያንዳንዱ የሞዴሉ ቁጥር (ፓራሜትር) ራሱን ቁጥሩን፣ ግራዲየንቱን፣ አዳም የሚባለውን ዘዴ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሌላ ሁለት ቁጥር መያዝ አለባችሁ። እያንዳንዳቸው 4 ባይት ቢሆኑ ለአንድ ፓራሜትር 16 ባይት ነው። 100 ሚሊዮን ፓራሜትር ካላችሁ 1.6 ጊጋባይት በዚህ ብቻ አለቀ። የምስሎቹ መካከለኛ ውጤቶች ገና አልተቆጠሩም፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ቦታ የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ጌም ሚሞሪ ሲያንሰው ይንቀራፈፋል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ሥልጠና ግን በቃ፣ ይቆማል።

«ታዲያ ሚሞሪ ከሆነ ቁም ነገሩ፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ በርካሽ ልግዛ» የሚል ይኖራል። በ2017 የወጣ ቢሆንም 11 ጊጋባይት አለው፣ ኮሩም 3584 ነው፤ ከ3060 ጋር ቁርጥ አንድ። እዚህ ደግሞ ሠንጠረዡ የሚደብቀው የሌለውን ነገር ነው። 1080 ቲአይ ቴንሰር ኮር የለውም። በ16 ቢት ቁጥር ሲያሰላ ደግሞ ፍጥነቱ ከ32 ቢቱ ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ለሥልጠና ዛሬ የተለመደው 16 ቢት ነው። በዚያ ላይ በ2025 የወጣው ኩዳ 13 ይህን ትውልድ ጥሎታል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ስምንም አትመኑ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 8 ጊጋባይትና 128 ቢት ብቻ ያለው ሌላ «3060» ገበያ ላይ አለ፤ ማስታወቂያው «3060 ነው» ካለ ጊጋባይቱን ጠይቁ። የድሮው ጂቲኤክስ 1060ም ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280 ኮር ሲኖረው፣ ባለ 3ቱ 1152 ነው። ልዩነቱ የሚሞሪ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ልጅቷ አሁን ምስሎቹን በአንዴ 64 ማስገባቱን ትታ 32፣ 32 እያደረገች ግራዲየንቱን ታጠራቅማለች። ይሠራል። ጌም አትጫወትም። አሮጌውን 3060 የገዛት ልጅ ግን ከጌም ሌላ የሚሠራበት የለም፤ 12 ጊጋባይቱ ያለ ሥራ ተቀምጧል።