ርቀት የሌለበት ካርታ፦ የሎሪንግ ቱ የማኒፎልድ መግቢያ ሲመዘን

የአሜሪካው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ምሁር ሎሪንግ ቱ ለጀማሪዎች ያዘጋጀው የማኒፎልድ መግቢያ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ2011 ተከተለ። ቱ ቀደም ሲል፣ በ1982፣ ከራውል ቦት ጋር በዲፈረንሺያል ፎርምና በአልጀብራዊ ቶፖሎጂ ላይ የጻፈው ሥራ ስመ ጥር ነው፤ ያ መጽሐፍ ግን ማኒፎልድን አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ይሻል። ይህኛው ወደዚያ የሚያደርስ መሰላል ሆኖ ተጻፈ። የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለትም ከዚህ ዓላማ ይመነጫል።

ማኒፎልድ የሚባለው፣ የሂሳብ ሊቁ ሪማን በ1854 በጎቲንገን ባደረገው ንግግር የተጠነሰሰው ሐሳብ፣ በየአካባቢው ሲያዩት እንደ ተራ ጠፍጣፋ ኅዋ የሚቆጠር፣ በጥቅሉ ግን ሌላ ቅርጽ ሊኖረው የሚችል ስፍራ አለ የሚል ነው። የአገራችን ካርታ ሠሪዎች ነገሩን በሥራቸው ያውቁታል። ምድርን በዞን በሚከፍለው በዩቲኤም የካርታ ሥርዓት ሸዋ ሮቢትና ድሬዳዋ በ37ኛው ዞን ውስጥ ይወድቃሉ፤ 42ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ ጥቂት ያለፈችው ሐረር ግን በ38ኛው ዞን ናት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚቀይስ ባለሙያ በወሰኑ አካባቢ አንዱን ቦታ በሁለት ዓይነት ቁጥሮች ሊመዘግበው ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቀመር ለስላሳ ከሆነ፣ በአንዱ የቁጥር አሰጣጥ፣ ማለትም በአንዱ ቻርት፣ ላይ የተሠራ ካልኩለስ በሌላውም ይጸናል። ስፍራውን አዳርሰው የሚሸፍኑ እንዲህ ያሉ ቻርቶች ሲሰባሰቡ አትላስ ይሆናሉ።

መጽሐፉ ሰባት ምዕራፎች አሉት። ቱ ግን በማኒፎልድ ብያኔ አይጀምርም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሙሉ አንባቢው በሚያውቀው ጠፍጣፋ ኅዋ ላይ ያሳልፋል፤ ታንጀንት ቬክተርን የፈንክሽንን ለውጥ በአንድ አቅጣጫ የሚያሰላ ኦፐሬተር አድርጎ የሚያየውን ረቂቅ አመለካከት፣ ዲፈረንሺያል ፎርምንም፣ እዚያው ያለማምዳል። ማኒፎልዱ በሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ አዲስ የሚሆነው ስፍራው ብቻ ነው፤ መሣሪያው አስቀድሞ በእጅ ገብቷል። ይህ የአቀራረብ ቅደም ተከተል የመጽሐፉ ትልቁ የጥበብ ውጤት ነው፤ ሁለት ችግር ባንድ ጊዜ ከሚጭኑ የመማሪያ መጻሕፍት ይለየዋል። ከዚያ ወዲያ ታንጀንት ስፔስ፣ የሊ ግሩፖች፣ ፎርሞች፣ ኢንተግራል ከስቶክስ ቲዎረም ጋር፣ በመጨረሻም ቀዳዳን በፎርሞች የሚቆጥረው የደ ራም ኮሆሞሎጂ ይከተላሉ። በዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ቶረስና በርካታ ቀዳዳ ያላቸው ሰርፌሶች ደረጃ በደረጃ ሲሰሉ ማየት እውነተኛ ደስታ ነው፤ ዲፈረንሺያል እኩልታ ቀዳዳ ሲቆጥር ይታያል።

የቋንቋው ነገርም ምስጋና ይገባዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ማረጋገጫዎቹ ሙሉ ናቸው፤ «ግልጽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ገደል እምብዛም አይገኝም። ለተመረጡ መልመጃዎች ፍንጭና መልስ ከመጨረሻው ታክሏል። መምህር በሌለበት ብቻውን ለሚያነብ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ርቀት ነው፤ በምሳሌ እንየው። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ምድሩ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የሮቢ ወንዝም ከዚያ ከፍታ ተነሥቶ በይፋት ቆላ አልፎ ወደ አዋሽ ያዘግማል። ከፍታን እንደ ፈንክሽን እንውሰድ። ቱ የሚያስተምረው ዲፈረንሺያሉን ነው፦ በየትኛውም አቅጣጫ ሲሄዱ ከፍታው በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይናገራል። የእኩል ከፍታ መስመሮች መቼ ለስላሳ እንደሚሆኑም በአንድ ግሩም ቲዎረም ያስረዳል። ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል ብለን ብንጠይቅ ግን ዝም ይላል። እጅግ ቁልቁል የሆነውን አቅጣጫ ለመምረጥ ርዝመትንና ማዕዘንን የሚለካ መለኪያ፣ ማለትም የሪማን ሜትሪክ፣ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ግን ይህን አይገነባም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግራዲየንትን፣ ከርልንና ዳይቨርጀንስን ከፎርሞች ጋር ሲያዛምድ፣ ዝምድናው የቆመው ተራው ኅዋ ይዞት በመጣው መለኪያ ላይ ነው። አንባቢው ወደ ማኒፎልድ ሲሻገር መለኪያው ከኋላው ይቀራል፤ ይህንንም ጎላ አድርጎ የሚነግረው የለም።

ሜትሪክን መተዉ በራሱ ስሕተት አይደለም። ስቶክስም ደ ራምም ያለ መለኪያ ይቆማሉ፤ ይህን ማሳየት ራሱ ትምህርት ነው። ቱም በ2017 ባሳተመው የዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ መጽሐፍ ሜትሪክንና ጥምዘትን በሰፊው አቅርቧል። የምወቅሰው ለጀማሪ በተጻፈ ሥራ ውስጥ የጎደለው ነገር በአንዲት አጭር ክፍል እንኳ አለመጠቆሙን ነው። ማኒፎልድን የሚፈልግ አንባቢ ሁሉ ቶፖሎጂን ብሎ አይመጣም፤ የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ የሚጻፈው በሜትሪክ ነው፤ ለሮቦት ክንድ አጭሩን መንገድ የሚያሰላ መሐንዲስም ያለ ርቀት ሥራውን አይጀምርም።

የጆን ሊ ለስላሳ ማኒፎልዶችን የሚያስተዋውቀው መጽሐፍ፣ በ2013 እትሙ፣ ለሜትሪክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ወደ 700 ገጽ ይጠጋል፣ ጀማሪውንም በብዛቱ ያስፈራራል። የቱ ከ400 ገጽ ብዙም አይርቅም፤ በአንድ የትምህርት ዓመት ከዳር ሊደርስ ይችላል። ለመጀመሪያ ንባብ ያለ ማመንታት የቱን እመርጣለሁ። ሆኖም የሚያስተምርበት ሰው ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ወስዶ ሜትሪክን ከራሱ ማስታወሻ ይጨምር፤ ከዚያ ግራዲየንት በማኒፎልድ ላይ ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲበይኑት ያድርግ።