ሃይዲ ስለምትባል የሙት ልጅ መጽሐፍ

ዮሐና ስፒሪ የምትባል የስዊስ አገር ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ለልጆች የጻፈችውን፥ በማግሥቱም ዓመት ሁለተኛ ክፍል የጨመረችበትን «ሃይዲ» የተባለውን መጽሐፍ፥ ብዙ ሰው የፍየልና የተራራ ጨዋታ አድርጎ ያነበዋል። እኛ ግን ሰሙን ከወርቁ መለየት በቅኔ ቤት የተማርን ስለ ሆነ፥ ከጨዋታው በታች ያለውን ነገር ልንመረምር ወደድን።

የሃይዲ አባት ምሰሶ ወድቆበት ሲሞት፥ እናትዋም ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኀዘን ተከተለችው። ዴቴ የምትባለው የእናትዋ እኅት በፍራንክፈርት ደኅና ሥራ ባገኘች ጊዜ፥ አምስት ዓመት የሆናትን ልጅ ወደ ተራራ አውጥታ ለአባትዋ አባት ትታት ወረደች። ኋላም ተመልሳ፥ መራመድ ለማትችለው ለባለጸጋ ልጅ ለክላራ ጓደኛ ትሁን ብላ ወሰደቻት። ዴቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህም የደራሲዋ ብልሃት ነው። በሁለቱም ጊዜ ለልጅቱ የሚበጅ ነው የሚያሰኝ ምክንያት በአፍዋ ነበረ፤ የሙት ልጅን እንደ ዕቃ የሚያዛውር ዘመድ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

አያትየው ግን ከእግዚአብሔርም ከሰውም ተጣልቶ፥ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትቶ ብቻውን የሚኖር፥ መንደርተኛው የሚፈራው ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው ልጅቱ በመጣችበት ቀን፥ ነገር ሳያበዛ፥ ከገበታው የሚያደርሳት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርቦ አበጀላት። በፍራንክፈርት ቤት ወንበር ሞልቶ ሳለ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት እንኳ አልሆነላትም፤ ተራራ አያለሁ ብላ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ብትወጣ ያየችው ጣራና የጢስ መውጫ ብቻ ነው። የቤቱ አዛዥ ወይዘሪት ሮተንማየርም ሃይዲ የሚለውን ስም ንቃ በክርስትና ስምዋ አዴልሃይድ እያለች ትጠራት ነበር። ስሙ እውነተኛ ነው፤ ጠሪዋ ግን ልጅቱን አታውቃትም። የእረኛው የፔተር አያት ዕውር ነበረችና፥ ለእርስዋ ልትወስድላት ሃይዲ ከማዕዷ እየቀነሰች በልብስ ሣጥን የሸሸገችውን ነጭ ዳቦ እንደ ጉድፍ አስጣለችባት። በቆሎ ተማሪነት ያደገ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ እንባ የሚያልፈው አይመስለኝም።

ሃይዲ ማንበብ ተምራ ወደ ተራራው በተመለሰች ጊዜ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ለአያትዋ አነበበችለት። ሽማግሌው ብዙ አልተናገረም፤ ሌሊት ግን መብራት ይዞ ወደ ተኛችበት የድርቆሽ ክምር ወጣ፥ እጆችዋን አጣጥፋ ተኝታ አያት፥ እንባውም ፈሰሰ። በማግሥቱ እሑድ ነበረና ልጅቱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። ሥርዓታቸው ከእኛ ሥርዓት የተለየ ቢሆንም፥ የንስሓው መንገድ ያው ነው። እንግዲህ የሙት ልጅ ከዘመድ ጋር መላመድዋ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን ሽማግሌው ራሱ እንደ እጓለ ማውታ ሲኖር ቆይቶ አባቱን ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል እንደ ፊተኛው አይደለም። ፔተር በቅናት ተነሥቶ የክላራን ባለ መንኰራኵር ወንበር ወደ ገደል ሰደደው፥ ክላራም ወንበሩን ስላጣች መራመድ ጀመረች፤ ክፉው ለበጎ መለወጡ የዮሴፍን ታሪክ ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የክላራ አያት ትርጓሜውን ፈጥና ታፈስልናለች፤ ሰሙ ሳይፈታ ወርቁ የሚታይ ቅኔ ደግሞ በጉባኤ አይመሰገንም።

አንዲት ገጽ ግን ከዚህ ትለያለች። ሃይዲ በፍራንክፈርት ጸሎትዋ አልሰማ ቢላት መጸለይ ትታ ነበር፤ አሮጊቷም እግዚአብሔር የሚያዘገየው የሚሻለውን በጊዜው ሊሰጥ እንደ ሆነ አስተማረቻት። ልመናዋ በመጨረሻ ለተፈጸመላት ልጅ ይህ ትምህርት አይከብድም። ኋላ ግን አንዲት ልጁ የሞተችበት ሐኪም ወደ ተራራው መጥቶ፥ ኀዘኑን የላከው እግዚአብሔር ራሱ ቢሆንስ ምን ይባላል ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ ብዙ አሰበች፤ መታገሥ ነው ከማለት በቀር አላገኘችም። የምታውቀውንም መዝሙር ባሰማችው ጊዜ ሐኪሙ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ዝም አለ። ይህን ገጽ ለልጆች የሚያነብ ካህን ትርጓሜ ሊጨምርበት አይቸኩል። የጻፈችውም ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1884፥ ባልዋንና አንድ ልጅዋን በአንድ ዓመት ቀበረች።