ለፒን ልክ የሚጨነቁ እጆች

ሐዋሳን የሚያመላልሳት ባጃጅም ሆነ ብዙ የድሮ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎች ክራንክሻፍታቸው ሁለት ክብ ብረት በአንድ ፒን የተያያዘ ነው። ብሎን የለው፣ ብየዳ የለው፤ ፒኑ ከቀዳዳው በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ስለሚወፍር በፕሬስ ተገፍቶ ይገባና በጥብቀቱ ብቻ ይይዛል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ሰው አዲስ መለዋወጫ ይፈልጋል። ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ግን ቀዳዳውን ክብነቱ እስኪስተካከል በቶርኖ ያሰፋዋል፣ ለአዲሱ ልክ ወፈር ያለ ፒን ያበጃል፣ ፒኑ ላይ የሚዞረውን የቢየላውንም (የፒስተን ዘንጉን) ሮለር አብሮ ያመጣጥናል። በብየዳ መሙላትማ አይነሳብኝ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምማል።

እኔ የምወደው ፒኑ ከገባ በኋላ ያለውን ማቃናት ነው። ክራንኩ በሁለት ጫፉ ተይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ባለሙያው ከመለኪያው ቀስት ዓይኑን ሳይነቅል በመዳብ መዶሻ መታ ያደርገዋል፣ እንደገና ያዞረዋል። ቀስቱ ከሁለት ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር በላይ ካልተወዛወዘ ኩሽኔታው ይገባል፣ ሞተሩም ይገጠማል።