የተሳሳተ መልስ አዘገጃጀት

ለሕፃናት የፊደል ማስተማሪያ ሶፍትዌር ስንሠራ ጊዜውንም ገንዘቡንም የሚበላው ሥዕሉ፣ መዝሙሩና የሚጨፍረው አንበሳ ነው። የሙያው ብልሃት ያለው ግን ማንም በማያጨበጭብለት ቦታ፣ በተሳሳቱት አማራጮች ላይ ነው። ድምፁ «ቤ» ሲል ስክሪኑ ላይ ቤ፣ ጮ፣ ሙ እና ዛ ቢደረደሩ አብዛኛው ልጅ ያገኘዋል፤ ማግኘቱ ግን ስለ ልጁ እምብዛም አይነግረንም። ቤ፣ ቢ፣ ሴ እና ሲ ሲቀርቡለት ነገሩ ይለወጣል። ቢን የነካ ልጅ በን ያውቃል፤ ከእግሩ ግርጌ ያለውን የሣልስ ቅጥልና የኃምስ ቀለበት ግን ገና አልለየም። ሴን የነካው ኃምስን ያውቃል፤ ያሳሳተው የበና የሰ መመሳሰል ነው። ሲን የነካው ምናልባት እየገመተ ነው። ሦስቱንም «እንደገና ሞክር» ብሎ ወደዚያው ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም ልጆቹ የሰጡትን መረጃ ይጥለዋል። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው ሊና ሌ፣ ቲና ቴ እየተጣመሩ እንዲቀርቡለት ነው፤ ሁለተኛው በና ሰ በሰባቱም ቤት ጎን ለጎን።

ወጥመዱ ብዙ ነው። ድምፁ «ሴ» ብሎ ከአማራጮቹ መካከል ሤ ካለ፣ በትክክል የሰማን ልጅ ተሳሳትክ እንለዋለን፤ ሀ እና ሃም እንደዚያው። ሩና ፉ ቅጥላቸው እንደ ሌሎቹ ካዕቦች ወገባቸው ላይ ስላልሆነ፣ ካዕብን ገና ለሚለማመድ ልጅ ቢዘገዩ ይሻላል። ግምትም አለ። በዘፈቀደ የሚነካ ልጅ ከአራት አማራጭ ትክክለኛውን የማግኘት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ሦስት ጥያቄ በተከታታይ የማግኘት ዕድሉ ግን ከ64 አንድ ብቻ። በአንድ መልስ ኮከብ የሚበትኑ ፕሮግራሞች (ወላጅ የሚወዳቸውም እነሱን ነው) ገማቹን ይሸልማሉ።

መሣሪያው ብቻውን እንደማያስተምር በፔሩ ታይቷል። በዚያ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሮች ለትምህርት ቤቶች ታድለው፣ የኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ዴልሂ ውስጥ ግን ማይንድስፓርክ የተባለው ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ተማሪ በክፍሉ ሳይሆን በደረሰበት ደረጃ ጥያቄ እየመረጠ፣ በአራት ወር ተኩል ውስጥ የሒሳብ ውጤትን በ0.37፣ የሂንዲን በ0.23 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፍ አድርጓል። እርግጥ እዚያ ግማሹ ጊዜ የሰው አስጠኚ ነበረበት፤ ምስጋናውን ሁሉ ለሶፍትዌሩ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከዕቃው ጥራት የመጣ አይመስለኝም። አንደኛው ልጁ የት ላይ እንዳለ ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም።

መብራትና ዋጋ ሲነሳ፣ መቃወሚያው ከባድ ቢሆንም «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ታብሌት» ከሚለው ግምት የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው፣ በሕንዷ ቫዶዳራ ከተማ በተካሄደው ጥናት የአራተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ለሁለት አንድ ኮምፒውተር እየተጋሩ ሒሳብ ተለማምደው ውጤታቸው በግልጽ ተሻሽሏል፤ ልምምዱ ከቆመ በኋላ ግን ብዙው ረግቧል። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ጎበዝ መምህር ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ያደርገዋል ይባላል። እውነት ነው፣ አንድ ልጅ ፊቱ ካስቀመጠ። ስልሳ ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በኅብረት ሲያዜም ግን ያላወቀው ካወቀው ድምፅ ሥር ይሸሸጋል፤ ዜማውን የያዘ ልጅም ቤን የሚያውቀው ከባ ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ያየውን ለመምህሩ ካደረሰ። ባለ ብዙ ቀለም ግራፍ ማንም አያነበውም። ከክፍል በፊት በስልክ የሚታይ አንድ መስመር ይበቃል፦ የትኞቹ ልጆች ሣልስን ከኃምስ እንዳልለዩ፣ የትኞቹ በንና ሰን እንደሚያምታቱ። መምህሩ እነዚያን ልጆች ለአሥር ደቂቃ ወደ ፊት ያወጣቸዋል፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ።