«ቀላል ባቡር» ስለሚለው ስያሜ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምር «ቀላል ባቡር» ተብሎ ነበር። ስያሜው በደብዳቤ፣ በጋዜጣና በራዲዮ ከተለመደ ዓመታት ስላለፉ ትችታችን የዘገየ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ችግሩ የአንድ ቃል ብቻ ስላልሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈቀድንም።

አስቀድሞ «ባቡር» የሚለውን ራሱን እንመልከት። ቃሉ በዐረብኛ በኩል የገባ ሲሆን ሥሩ በአውሮፓ ቋንቋዎች «እንፋሎት» ማለት ነው። ዐረቦች ለመርከብም ስለሚናገሩት «የምድር» የሚለው ዘርፍ ያስፈለገው ለዚሁ ይመስለናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው ሞተር ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ የእህል ወፍጮውም እንዲሁ ባቡር ተብሏል። በኋላ እንፋሎቱ በናፍጣ፣ ናፍጣውም በኤሌክትሪክ ሲተካ ቃሉ አልተለወጠም፤ ተናጋሪውም ቅር አላለውም። እንግዲህ አንድ ስያሜ የሚጸናው የነገሩን ባሕርይ ሁሉ ስለ ዘረዘረ አይደለም።

«ቀላል» ግን የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ትርጉም ነው። ያ እንግሊዝኛ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ሲወጣ የሠረገላውን ክብደት ለመናገር ታስቦ አይደለም፤ ከዋናው መሥመር ባቡር ይልቅ አነስተኛ ጭነት የሚይዘውን የከተማ ማመላለሻ ለመለየት ነው። በአማርኛ ግን «ቀላል» ወይ የ«ከባድ» ተቃራኒ ነው፣ ወይ ያላስቸገረ፣ ወይ ደግሞ ክብር የሌለው። «ቀላል መትረየስ እንል የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። እንላለን፤ መትረየሱን ወታደር ይሸከመዋል፣ ክብደቱን ትከሻው ያውቀዋል። ባቡሩን የሚሸከመው ማነው?

በበኩላችን «የከተማ ባቡር» ይበቃ ነበር እንላለን። ከመሬት በታች ከሚሄደው ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ነገር ግን የባሰው መምታታት ያለው እዚያው ነው፤ «የምድር ባቡር» እና «የምድር ውስጥ ባቡር» የሚሉትን ለተማሪ ያስረዳ መምህር ይመስክር።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን የነባሩ መሥመር ቃላት ነገር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳይኛም አብሮት ተሳፍሮ መጣ። «ፉርጎ» ከዚያ ነው፤ የሠራተኛው መጠሪያ «ሸሚኖ»ም እንዲሁ። «ለገሃር» የተባለው «ጣቢያው» ከሚል ፈረንሳይኛ ወጥቶ አገርኛ መልክ ስለ ያዘ፣ የማያውቅ ሰው በ«ለገ» የሚጀምር የኦሮምኛ የወንዝ ስም ሊመስለው ይችላል። አንድ ቃል ከዚህ በላይ እንዴት ይለመድ!

አዲሱ መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ወርድ ከአንድ ሜትር ወደ 1.435 ሜትር ሰፋ። ይህንኑ ልክ «የሐዲድ ወርድ» ማለት ሲቻል «ጌጅ» ይባላል፤ ሕዝብ የሚያውቀው «ፉርጎ» እያለም በየጋዜጣው «ዋገን» እናነባለን። እዚህ ላይ ባዕድ ቃልን በአማርኛ የመተካት ጉዳይ እንኳ የለም፤ የተደረገው የለመድነውን ባዕድ ባልለመድነው ባዕድ መለወጥ ነው። በድሬዳዋ በዎርክሾፑ ያረጁ ሸሚኖዎች የየመፍቻውንና የየብሎኑን ስም ዛሬም ያውቃሉ፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን ወደዚያ ሄደው ሲጠይቁ አላየንም።